ከደብሩ በር የተረፈው ቀለም

ሐይቅ ከተማ፣ መኪና ከሚመረመርበት ግቢ በር ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ ነው ያየሁት። ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው። የክት ኮቱን ለብሷል፤ የመኪናውን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮታል። አጠገቡ፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ቆማለች። እኔ ልጅ ሳለሁ ለግሸን ንግሥ ሰው ጭና ተራራው ሥር ታደርስ የነበረችው እንዲህ ያለችው ናት። ይቺ ግን ከጎማዋ በቀር ሰማያዊ ሆናለች።

"ቀለሙ አምሮባታል" አልኩት።

"የአባቴ ናት፣ እማማ። በጦርነቱ ጊዜ ጭድ ከምረንባት ነው የተረፈችው። አሁን አስጠግኜ እንደገና ላስመዘግባት ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቀለሙ ከደብሩ በር የተረፈ ነው። በረከት ነው ብዬ ከሥር እስከ ላይ ስቀባት ብረቷ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥሯንም ደፈንኩት። ቁጥሩ ካልተነበበ የተሰረቀች ናት ብለው ይወስዱብኛል።"

"አብሽር፣ ማርያም ታውቃለች!"

"እሷማ ታውቃለች፤ መርማሪው ነው የማያውቀው።"

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። መርማሪው ተንበርክኮ ቀለሙን በቢላ ይፍቅ ጀመር። ቢላው ብረቱን በነካ ቁጥር የሰውየው ትከሻ ይሸማቀቃል፤ የራሱን ቆዳ የሚፍቁት ይመስል። ማየት ሲያቅተው ፊቱን ወደ ሐይቁ ውኃ አዞረ።

"እማማ፣ እስቲ የመርማሪውን ፊት ይዩልኝ፤ ምን ይመስላል?"

አየሁለት። መርማሪው መፋቁን ትቶ ተነሥቷል፤ መኪናዋ እንዳትወጣ ዘበኛው የግቢውን በር እንዲዘጋ በእጁ ያመለክታል።

"ገና እየፋቀ ነው፣ ልጄ" አልኩት።