ለሊና የተሰጣት አገር

እኛ ትምህርት ቤት ሚስ እንቁን የማያውቅ ወላጅ የለም። ከጎርጎራ መጥታ ገርጂ ከከተመች ብዙ ጊዜ ሆናት፤ ጣና ከተነሳ ግን አፏን የሚያስይዛት አይገኝም። እኔ ሶሬቲ ከጎኗ ክፍል ነው የማስተምረው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ ሳልፈልግ ተምሬያለሁ። ሁለተኛ ክፍሎቿ ደግሞ ነፍሳቸው ነች።

በየዓመቱ ኅዳር መጨረሻ ላይ ልጆቹ የባህል ልብስ ለብሰው ወላጆች ፊት «የአባቴን አገር» ያስተዋውቃሉ። አብዛኞቹ እዚሁ ቦሌ የተወለዱ፣ ከመገናኛ ወዲያ ያላዩ ናቸው። ቢሆንም ሄርሞን አክሱምን፣ ሄኒ የሶፍ ዑመርን ዋሻ፣ ሃይደር ጀጎልን ይሸመድዳሉ። እኔን ይሄ ነገር ድሮም አይጥመኝም። አባቱን የማያውቅ ልጅ ምን ይበል?

ዘንድሮ የፈራሁት ደረሰ። ሊናን ሙሉ የምትባለው እናቷ ብቻዋን ነው የምታሳድጋት፤ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ የአልጋ ክፍሎች ታጸዳለች። እንቁ ልጆቹን ተራ በተራ ስታስነሳ ሊና ጋ ደረሰች።

«ያንቺስ አባት አገሩ የት ነው?»

«አላውቅም።»

ልጆቹ ሳቁ። «እናትሽን ጠይቂያት» አለቻት እንቁ። በማግስቱ ሊና «እማዬ ዝም አለችኝ» ብላ መጣች።

እንግዲህ ይሄኔ እናትየዋን ጠርቶ ማነጋገር ነበር። እንቁ ግን ልጅቷ ከጓደኞቿ አንሳ ስትታይ አንጀቷ አልቻለም። «በቃ ያንቺ ጎርጎራ ነው። ጣናን ታስተዋውቂልናለሽ» አለቻት። የእህቷን ልጅ ቀሚስም አምጥታ ለካችላት።

«አንቺ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ተይኝ እባክሽ። አገር ቢኖራት ማን ይጎዳል?»

እኔም ተውኩት። ምላሴ ለሁሉ ነገር ስለታም ነው፣ ያን ቀን ብቻ ሰነፈ።

በበዓሉ ዕለት እናቷ ሙሉ፣ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች ከኋላ ተቀምጣለች። ሊና ወጣች። «የአባቴ አገር ጎርጎራ ነው። ጎርጎራ ጣና ዳር ናት» ስትል አውሮፕላን በላያችን አለፈ። የኛ ልጆች ለምደውታል፤ ድምፁ እስኪርቅ አፏን ዘግታ ጠበቀችና ቀጠለች። «አባቴ እዚያ ታንኳ ይቀዝፋል። እኔና እማዬ ልንሄድ ነው።»

ይሄን ማንም አላስጠናትም። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። የሙሉ እጆች ግን ጭኗ ላይ እንደነበሩ ቀሩ።

ሲያልቅ ሙሉ ወደኛ መጣች። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ቲቸር፣ ሰውየው የት እንዳለ እኔም አላውቅም» አለች። «ውሸት ነግሬያት ስለማላውቅ ነው ዝም የምላት። ሰሞኑን ጫማዋንና ቢጃማዋን በፌስታል አድርጋ በሩ ጋ ስታስቀምጥ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ነዎት የነገሯት፣ እርስዎ ይንገሯት።»

እንቁ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እናቷን ወደምትጠብቀው ሊና ሄደች። እኔም ተከተልኳት። እንቁ ከፊቷ በርከክ አለች።

«ሊናዬ፣ ጎርጎራ የኔ አገር ነው።»

«አውቃለሁ። አባቴን እዚያ አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። አባትሽን አላውቀውም። አገሩንም አላውቅም። እኔ ነኝ ከራሴ ያመጣሁት። በጣም ጥፋተኛ ነኝ።»

ልጅቷ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። ቀሚሱን በራሷ ላይ አወለቀችው፤ ከሥሩ የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ለብሳለች። ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጫፉን ከጫፉ ገጥማ፣ እናቷ አንሶላ እንደምታጥፈው አድርጋ አጠፈችው።

«እንኪ ሚስ» አለች። «ይሄም ያንቺ ነው።»

ከዚያ የእናቷን እጅ ይዛ ወጣች። እንቁ ቀሚሱን ለእህቷ ልጅ አልመለሰችውም፤ እንደታጠፈ መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ከግድግዳው ማዶም ስለ ጣና ዳግመኛ ሰምቼ አላውቅም።