ሚካኤል ነው ወይስ ገብርኤል

እህቴ ደብሪቱ እጇን እስከ ክርኗ ጭቃ ነክራ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ትመርጋለች። ጊዜው የደርግ ነው፤ ኅዳር 1980። ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ያብለጨልጫል፣ አውሮፕላን ያየዋል ስለተባለ ሁሉም ጣሪያውን ያጨልም ነበር።

«በሚካኤል ቀን ጭቃ!» አሉ ጎረቤታችን አያ ሀብተ ሥላሴ።

«ቆርቆሮው በዓል አያውቅማ፣ አያ። ዛሬም ያበራል።»

ከፍላቂት ገበያ እጅ በእጅ የመጣ ደብዳቤ የደረሳት ያን ጊዜ ነው። ለውትድርና ከተወሰደው ልጇ ከጋሻዬ ነበር። ዓመት ሙሉ ወሬው ጠፍቶብናል። ሳትከፍተው የአውሮፕላን ጉርምርምታ ተሰማና ሁላችንም ዋሻ ገባን።

እኔና እሷ ፊደል የቆጠርነው ከወለድን በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እሷ ትሻለኝ ስለነበር አነበበችው። እርሳሱ ግን በሰው ኪስ ታሽቶ እዚህም እዚያም ጠፍቷል። «በ... ኤል ማግስት ጠዋት በፍላቂት እናልፋለን፤ መንገድ ዳር ቁሚ» ይላል።

ሚካኤል ከሆነ ነገ ነው፤ ፍላቂት ደግሞ የሙሉ ቀን መንገድ። ገብርኤል ከሆነ ገና ሳምንት አለ።

«አማኑኤልስ ቢሆን?» አለች ጎረቤታችን ሸጌ።

«አንቺ ደግሞ አትጨምሪብኝ!»

ደብሪቱ የሸጌን መስታወት ነጥቃ ከዋሻው አፍ የፀሐይዋን ብርሃን ወረቀቱ ላይ ጣለችው። ወረቀቱ ቦግ አለ፤ ፊደል ግን የለም፣ ነጭ ብቻ።

«አውሮፕላኑን በስሙ ጥሪው እንጂ!» ብለው አያ ሀብተ ሥላሴ መስታወቱን በጋቢያቸው ሸፈኑት።

ተቀመጠች፤ ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ድንገት እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ አየች። የመረገችው ጣሪያ ላይ የጣቶቿ ፈለግ ቀትር ላይ አይታይም፤ ፀሐይ በጎን ስትመጣ ግን እያንዳንዱ ይቆጠራል። ወረቀቱን ከዓይኗ ትይዩ አጋድማ ብርሃኑን በጎን አስገባችበት። እርሳሱ ተጭኖ ያለፈበት ሁሉ ጥላ ያዘ። መጀመሪያ «ሚ» ታየች፤ ቀጥሎ «ካ»።

«ፀሐይ ይብረድ እንጂ፣ ልጄ» አሉ አያ ሀብተ ሥላሴ።

«ፀሐይ ሲበርድ ብነሣ ልጄ ያልፈኛል።»

ነጭ ነጠላዋን ጥላ የእኔን ጥቁር የሱፍ ባና ለበሰችና ወጣች።

በማግስቱ ጋሻዬ ከሦስተኛው የወታደር መኪና ላይ እጁን አወዛወዘላት። መኪናው አልቆመም። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ደብዳቤው ላይ፣ ከስሙ በላይ፣ እጥፉ ላይ፣ አንዲት ቃል ሳትነበብ ቀርታለች። ደብሪቱ እስክታርፍ ድረስ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወረቀቱን ስታጋድም ኖራ አላገኘቻትም። አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ዓይኔም ደክሟል። ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ በዚህ ካለፋችሁ ፀሐይ ገና ከተራራው ብቅ ስትል ኑ። ወረቀቱን በጎን ያዙና ያቺን ቃል ንገሩኝ።