ከዶካ የመጣው ወሬ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ገዳሪፍ በስደት ስንኖር፣ የሰሊጥ አጨዳ ሊጀመር ባለበት ሰሞን ነው። ልጅ የሞተበት ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በዚያ ዘመን ሐዘን ያልገባበት ቤት የታለና! እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ግን ማልቀሴ ሳይሆን መደሰቴ ነው። ልጄ ሞታ ሳለች ሦስት ቀን ሙሉ ተደስቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔና ባለቤቴ ዝማም ከጎንደር የወጣነው በቀይ ሽብሩ ጊዜ ነው። ስሜ ከሚፈለጉት ጋር ተጽፏል ብለው ሹክ ሲሉኝ ጓዝ ሳንል ወጣን። አንዲት ልጃችን የሻረግ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በረሃውን አትችለውም ብለን አያቷ ዘንድ ተውናት። ለጥቂት ወር ነው ብለን ነበር። ጥቂት ወሩ ስምንት ዓመት ሆነ።

ገዳሪፍ ውስጥ ሥራዬ ጆንያ መስፋት ነበር። አንድ ሱዳናዊ የሰሊጥ ነጋዴ መጋዘን በር ላይ ተቀምጬ የተቀደደውን እጠቅማለሁ፣ የሞላውን አፉን እሰፋለሁ። ለአጨዳ ከአገር ቤት የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ሁሉ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ቦታው ለወሬ ይመች ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ ነፍሴ ነው። ክፋቱ አላስጨርስም። ሰው አንድ ቃል ሲጀምር እኔ ሦስቱን እጨርስለታለሁ። ዝማም "አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ሰው ብታስጨርስ!" እንዳለችኝ ኖራለች። "ምን ያስጨርሰኛል፣ ገብቶኛል እኮ!" እላታለሁ።

በዚያ ዓመት ክረምት ላይ ከየሻረግ ደብዳቤ መጣ። ያመጣው ነጋዴ ፍተሻ ፈርቶ ጫማው ውስጥ ደብቆት ስለነበር ወረቀቱ እግር እግር ይሸታል። ዝማም አገላብጣ ሳመችው። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። አያቷ ሞታለች፤ እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ሥራ ግን የለም። "ከመስቀል በኋላ ከአጫጆች ጋር በእግሬ እመጣለሁ። እናንተ እንዳትንቀሳቀሱ፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቁኝ" ይላል። መኪናማ ነበር፤ ግን የይለፍ ወረቀት የሌለውን ሰው በየኬላው ያወርዱታል። ስለዚህ ከጎንደር እስከ ድንበሩ ያለውን ሁሉ በጫካ በጫካ በእግሯ ልትመጣው ነው።

እስከ ድንበሩ ሄጄ ልቀበላት ፈልጌ ነበር። ስደተኛ ከገዳሪፍ ለመውጣት ተስሪህ የሚሉት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። "ቡክራ" አሉኝ። ቡክራ ማለት ነገ ነው። በነጋታው ስሄድ ሌላ ቡክራ ጠበቀኝ። ያለ ፈቃድ ብሄድና ብታሰርስ ልጅቷ ስትደርስ ማን ይቀበላታል? ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

እናም በመኪና ቀድመዋት ከሚገቡ መንገደኞች እየሰማን፣ ልጃችንን ከቤት ሆነን በወሬ መከተል ጀመርን። ግድግዳችን ላይ የየቦታውን ስም በከሰል ከላይ ወደ ታች ጻፍኩት፤ አይከል፣ ነጋዴ ባሕር፣ ሸህዲ፣ መተማ፣ ገላባት፣ ዶካ፣ ገዳሪፍ። የደረሰችበትን እሰርዛለሁ። ዝማም ፊደል ባትቆጥርም ስንት እንደቀረ አሳምራ ታውቃለች።

ከመስቀል በኋላ አቧራ ለብሶ የሚመጣውን ሁሉ እያስቆምኩ "በየት መጣህ? ረጅም፣ ጥርሷ ፍንጭት የሆነ ልጅ አላየህም?" እል ጀመር። አንዱ አይከል ላይ አይቷታል። ሥራዬን ጥዬ ወደ ቤት በረርኩ። ዝማም የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ጫማ አድርጋለች?"

እሱን አልጠየቅኩም ነበር። ተመልሼ ሰውየውን በገበያው ሁሉ ፈልጌ አገኘሁት። በረባሶ አድርጋለች አለኝ። ዝማም ያን ቀን እህል በላች።

ሁለተኛው ሰው ነጋዴ ባሕር ላይ ደርሶባት አብሯት ተጉዟል። "እሷማ ወንዶቹን አሳፈረቻቸው፤ ሁሌ ከፊት ናት" አለኝ። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ሸህዲ ድረስ አብረው ነበሩ። "አብራን አንዲት ነፍሰ ጡር ትጓዝ ነበር፤ ጓዟን እሷ ተሸክማ አደረሰችላት። አፏ ደግሞ ሲጣፍጥ! መንገዱን ሁሉ እያሳቀች አመጣችን" አለችኝ።

ይህን ስነግራት ዝማም የያዘችውን ዕቃ አስቀመጠች። "የሻረግ? ሰው ታስቃለች?" አለች።

እኛ የምናውቃት ልጅ ዓይን አፋር ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ከመጋረጃ ኋላ ገብታ የምትደበቅ ነበረች። ትልቅ ሰው ሆና ምን እንደምትመስል ከመንገደኛ አፍ ነበር የምንማረው። ዝማም እየደጋገመች ታስወራኛለች። እኔም ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ አወራላታለሁ፤ መዋሸቴ ነው፣ ግን ደስ ይላት ነበር።

ከዚያ ድንበሩን ተሻገረች የሚል ወሬ መጣ። ከገላባት ወጣ ብሎ ባለ ጫካ ከአጫጆች ጋር አልፋለች አሉ። መተማንና ገላባትን ባንድ ጊዜ ሰረዝኳቸው። ከዚህ ወዲያ የደርግ ወታደር የለም፣ ኬላ የለም። "በቃ፣ ደረሰች ማለት ነው" አልኳት ዝማምን። እሷ ግን እስካላየኋት ድረስ አትበለኝ አለች።

በማግስቱ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። የዶካን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቁር አፈር ነው፣ ዝናብ ከነካው ሎሪ እስከ ጎማው ይሰምጣል። መኪና ሁሉ ቆመ። አምስት ቀን ያህል ከዚያ በኩል ሰው ሳይመጣ ቀረ።

በስድስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ጎልማሳ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ሲሳይ ይባላል፣ የጭልጋ ሰው ነው። ቆቡን አወለቀ።

"የየሻረግ አባት እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ! የት ደረሰች?" መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቼ ተነሣሁ።

"አባቴ፣ ይቀመጡ… ዶካ… ዶካ ላይ አርፋለች…"

"እሰይ!" አልኩ። "ትረፋ! ይህን ሁሉ አገር በእግሯ መጥታ ካላረፈች መቼ ልታርፍ ነው? መንገዱስ ቢሆን መቼ ደረቀና!"

"አይ… ወባው ነው አባቴ፣ በጣም…"

"ወባማ የዚህ አገር ጉንፋን ነው! እኛንስ መቼ ለቀቀን? አይዞህ፣ እናቷ ታስታምማታለች።"

ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ የድካም መሰለኝ። በዚያ ጭቃ ከዶካ እስከ ገዳሪፍ በእግሩ መጥቷል፣ ቢያለቅስስ ይፈረድበታል? ውኃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም። "እግዜር ያ…" ብሎ ሲጀምር "አሜን፣ አሜን! አንተንም ይባርክህ!" ብዬ ከአፉ ነጠቅኩት። ጉልበቴን ስሞኝ ሄደ። ምን ያለ የተባረከ ልጅ ነው ብዬ ከኋላው መረቅኩት።

ዝማም ጋ ሄጄ "ዶካ ገብታለች፣ ትንሽ አሟት እዚያ አርፋለች፣ መንገዱ ሲደርቅ በሎሪ ከች ትላለች" አልኳት። እልል አለች። እኔ ነኝ ያስባልኳት።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ሲሳይ ከእኔ ተለይቶ የሄደው አያ ታከለ ዘንድ ነው። አያ ታከለ ገዳሪፍ ያለን የጎንደር ሰዎች ሽማግሌያችን ናቸው። "ለአባትየው ነግሬዋለሁ፣ እንደ ድንጋይ ጸና" ብሏቸዋል። እሳቸውም መርዶው በወጉ እስኪነገር ከሚስቱ ደብቆ ችሎ ተቀመጠ ብለው አሰቡ። የዝማም ወንድም አስማማው ፋሽጋ እርሻ ላይ ስለነበር እሱ ሳይመጣ ለእናት መርዶ አይነገርም ተባለ። ሰው ተላከበት። እሱ እስኪመጣ ሦስት ቀን ፈጀ።

እነዚያ ሦስት ቀናት! ቤቱን ኖራ ቀባን። የገመድ አልጋ ከጎረቤት ተዋስን። ዝማም ቀሚስ ልስፋላት ብላ ጨርቅ ገዛች፤ ግን የልጇን ልክ አታውቅም። የሸህዲዋን ሴት አስጠርታ "እስከ የቴ ትደርሳለች? እስከ ጆሮዬ? ወገቧስ?" እያለች በገዛ ሰውነቷ ላይ ለካች። ዝማም ቀደደችው፣ እኔ ሰፋሁት። ጆንያ የለመደ እጅ ስፌቱ ሁሉ ጅማት ሆነ። "ይህን ለብሳ ስታይህ ትስቅብሃለች" አለችኝ። "ትሳቅ! አሳቂ ናት አሉ እኮ" አልኳት።

በሁለተኛው ቀን አያ ታከለ በደጃችን ሲያልፉ ገቡ። እጄን ጨብጠው አልለቅም አሉ። "በርታ ፈንቴ፣ ወንድ ነህ" አሉኝ። ዝማም እዚያው ቀሚሱን እየዘመዘመች ነበር። "ምን እበረታለሁ አያ ታከለ፣ ልፈንጥዝ እንጂ!" አልኳቸው። ወደ እሷ በዓይናቸው አመለከቱኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ለሷ ብዬ የማስመስል መስሏቸው ነው። እኔ ደግሞ እርጅና ነው አልኩ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው ሰው ሞልቶታል። አያ ታከለ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው አስማማው ቆሟል፤ እስላም ክርስቲያኑ፣ የሠፈሩ ባለሱቆች ሳይቀሩ አሉ።

"አስማማው! አንተም ሰማህ?" አልኩ። "እንኳን ደስ ያላችሁ! ግን ቀደማችሁ እኮ፣ ገና አልገባችም!"

ያኔ ነው ሴቶቹ ነጠላቸውን ማዘቅዘቃቸውን ያየሁት። አያ ታከለ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ፈንቴ፣ ሲሳይ አልነገረህም?"

"እንዴት አይነግረኝም! ዶካ አርፋለች ብሎኝ…"

ቃሉን የሰማሁት ከገዛ አፌ ሲወጣ ነው። ሲሳይ ሲለው አልሰማሁትም ነበር። ሞተች ማለት ከብዶት፣ ጨዋ ሰው እንደሚለው አርፋለች አለኝ፤ እኔ ደግሞ ትረፍ ብዬ መረቅኩለት። እዚያው ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ።

ዝማም ቀሚሱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ እየተቻኮለች ወጣች። "መጣች? ማን አመጣት?" አለች። ዓይኗ በሰው መሐል ልጇን ይፈልጋል። የምትፈልገው ረጅም ሰው ነው። አስማማው አቀፋት። ከዚያ ያለውን አልጽፈውም፣ አልችልምም።

ሐዘኑ ከወጣ በኋላ ዝማም "ሲሳይ ምን አለህ? ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ" አለችኝ። ቃል በቃል ነገርኳት። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ሰማችኝና ፊቷን አዞረች።

ተስሪሁ የተሰጠኝ ከወር በኋላ ነው። ዶካ ሄድኩ። መቃብሯ ማሽላ እርሻ ዳር ነው። ቤቷ ያስታመመቻት ሴት "ሁለት ቀን ነው የታመመችው፤ ትኩሳቱ በረድ ሲልላት ተነሥታ መሄድ ትፈልግ ነበር፣ በግድ ነው ያስተኛናት" አለችኝ። ወደ ገዳሪፍ የሚመለስ ሎሪ ቆሞ ነበር፤ አልተሳፈርኩም። የቀራትን መንገድ እኔ በእግሬ መጣሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም አላውቀውም፤ መንገዱ ግን ለእሷ እግር ምንም አልነበረም።

ብዙ ዓመት ያቺን እሑድ ሳስብ በሐፍረት እቃጠል ነበር። በልጄ ሞት ቤት ኖራ የቀባሁ፣ ሚስቴን እልል ያስባልኩ ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለዝማም ይቅር በይኝ አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው አፍ አውጥቼ የጠየቅኳት።

ዝማም አየችኝ። "የቱን ነው ይቅር የምልህ?" አለች። "እኔ ልጄን እስከ አሥራ ሦስት ዓመቷ ብቻ ነው ያሳደግኳት። ትልቅ ሴት ሆና፣ ቀሚስ ሰፍቼላት፣ አልጋ አንጥፌላት፣ እናቷ የሆንኩት እነዚያን ሦስት ቀን ነው። ሲሳይ የዚያኑ ዕለት መርዶውን ቢነግረኝ ኖሮ እነሱንም አላገኛቸውም ነበር። ተውልኝ፣ አትንካብኝ።"

ከዚያ ወዲህ ሐፍረቱ ቀለል ብሎልኛል። የልጄ ናፍቆት ግን ያው ነው።