የአጎቴ ረጅም ካቻቢቴ

የእናቴ ታላቅ ወንድም በመካነ ሰላም መካኒክ ነበሩ። የታመመ ሞተር ሲመጣላቸው መፍቻ አያነሱም። የረጅም ካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። አዳምጠው ሲጨርሱ «አብሽር» ካሉ መኪናው ይድናል ማለት ነው።

ያገለገለች የስፖርት መኪና ገዝቼ ከአዲስ አበባ ስመጣ፣ ኮረኮንቹ ሆዷን ልጦት ነበር። አዳመጧት። «አብሽር» ግን አላሉኝም። ካቻቢቴያቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልጄ፣ የገዛሃት አንድ ቀን ነው፤ የምታኖራት ግን ዕድሜህን ሙሉ ነው» አሉኝ።

ተናደድኩ። ከዚያ ወዲህ ደመወዜ ፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ ሆኖ አለቀ፤ ሞተሯ ግን ቋ ቋ ማለቱን አልተወም። ይህን ድምፅ እንዳይሰሙብኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። በዚያው አረፉ።

አርባቸው ወጥቶ ልሄድ ሞተሩን ሳስነሳ፣ በግቢው የነበረው ዘመድና ጎረቤት በሙሉ በአንዴ ጸጥ አለ። ዝም በሉ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላጠፋሁትም። መኪናዋ ቋ ቋ ትላለች፤ ሁላችንም የሚሉትን እንጠብቃለን።