ሁለት ጓጉንቸር ያለው መጋዘን

ትናንት ረፋዱ ላይ፣ መተማ ገበያ ዳር ቆሜ የጫማዬን አቧራ ሳራግፍ... ሁለት ሰዎች የጋቢያቸውን ጫፍ ከጫፍ ቋጥረው እየተጓተቱ መጡብኝ። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ዳኛ ፍለጋ መሄዳቸው የቆየ ወጋችን ነው። የኔ ጉድ ግን፣ ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ መጀመሪያ የቅኔ መምህር ነበርኩ፣ ቀጥሎ የኬላ ጸሐፊ፣ ከዚያ ነገረ ፈጅ። ጣልያን ከገባ ወዲህ ደግሞ ነጋዴው ሁሉ «ኩባንያ» ማለት ስለለመደ የኩባንያ አማካሪ ሆንኩ። ባለሱቁ ሐጂ ኢድሪስና ገበሬው አያ ወርቁ ሰሊጥ በሽርክና ሊነግዱ ሲነሡ ውሉን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። አሥራ አራት አንቀጽ! የመጋዘኑን ቁልፍ ማን ይያዝ የሚለውን ግን ዘለልኩት። ያን ቀን «እኛኮ ወንድማማች ነን» እያሉ ሲተቃቀፉ፣ የአንዱን ስም መጻፍ ሌላውን ሌባ ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

ወንድማማችነቱ ሳምንት አልቆየም። ሐጂ በሩ ላይ የራሳቸውን ጓጉንቸር ሰቀሉ፤ አያ ወርቁም የራሳቸውን ደገሙበት። ትናንት ታዲያ የዓመቱ ሰሊጥ በጆንያ ሆኖ ደጅ ተከምሯል፣ ሰማዩ ያለወቅቱ በአርማጭሆ በኩል ጠቁሯል... ቀድሞ የሚከፍት ግን ጠፋ።

«እኔ ጓጉንቸሬን ቀድሜ ካነሣሁ በሩ የሐጂ ሆነ ማለት ነው» አሉ አያ ወርቁ።

«ወላሂ፣ እኔም አልቀድም! መሪጌታ፣ አንቱው ይፍረዱን» አሉ ሐጂ።

«የሁለታችሁም ጠበቃ ሆኜ እንዴት ነው የምፈርደው?»

«እንግዲያ ጣልያኑ ሹም ዘንድ እንሂዳ» አሉ አያ ወርቁ።

«ሂዱ! አስተርጓሚው ነገሩ እስኪገባው ሰሊጡ ጆንያው ውስጥ ይበቅላል!»

ደሜ ፈላ። በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ ሲያልፉ አያ ወርቁ «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። እንዲህ የተጠራ መንገደኛ ሳይዳኝ አያልፍም። ሽማግሌው አህያቸውን አቁመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ውሌን አውጥቼ ከአንቀጽ አንድ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ... አራተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያዋ ጠብታ ወረቀቱ ላይ አረፈች።

«ይበቃል» አሉ ሽማግሌው። «ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ወደ ሁለቱ ዞሩ። «ይህን ሰው ታምኑታላችሁ?»

«እናምናለን!» አሉ ባንድ አፍ። ከጠዋት ጀምሮ የተስማሙበት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

«በሉ ሁለቱንም ቁልፍ ለሱ ስጡት። እሱ ይክፈት፣ እሱ ይዝጋ።» ይህን ብለው አህያቸውን ነዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

ከዚያማ ሁለቱንም ጓጉንቸር ከፍቼ ሳልጨርስ ዝናቡ ለቀቀው። የጋቢው ቋጠሮ ርሶ አልፈታ አለ፤ ሁለቱ እንደተቋጠሩ አንድ ጆንያ ለሁለት ይዘው ሲሮጡ፣ እኔ ከኋላቸው እየተራገምኩ ስሸከም፣ ሰሊጡ ከሦስት ጆንያ በቀር ተረፈ። ውሉ ግን ኪሴ ውስጥ ቡኮ ሆነ። የሚገርመው፣ የፈለገውም የለም።

ዛሬ ገና ሳይነጋጋ የቤቴ በር ተደበደበ።

«መሪጌታ፣ ኧረ መጋዘኑን ይክፈቱልን!»

ያን ሁሉ ዘመን ቅኔ ቆጥሬ፣ ሕግ አገላብጬ፣ አሥራ አራት አንቀጽ ደርድሬ... በመጨረሻ ሰው አምኖ የሾመኝ በረኛ አድርጎ ነው።