«ይቅደሙ» የማይባልበት ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሰጡኝ ማዕበል ላይ የሚቆሙበት ቦርድ አይደለም፤ የወለል መጥረጊያ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አዳራሹ ከሞርስ ሮድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከውጭ ሲያዩት ዌርሃውስ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ማዕበል አለ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ባሕር በሌለበት ከተማ! አለቃዬ ማርሲ የምትባል አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ነበረች። «ወለሉ ከራሰ ሰው ይወድቃል። ሰው ከወደቀ እኔ እጠየቃለሁ። እኔ ከተጠየቅኩ ደግሞ አንቺን አልለቅሽም» አለችኝ። ሥልጠናዬ ይኸው ነበር።

ሥራውን ያገኘልኝ አባቴ ነው። ሰው ሁሉ ጋሽ ሰይድ ይለዋል። ከደሴ ያመጣን እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ እዚህ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው «ፑል ያለበት ቦታ ሰው ይፈልጋሉ» ሲለው «አፕላይ አድርጊ» አለኝ። ፑል ሲባል ሕፃናት የሚንቦጫረቁበት መስሎታል፣ የኔ ጌታ። ማሽኑን አይቶት ቢሆን ኖሮ በበሩም አያሳልፈኝም ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከወለሉ ሥር ትልልቅ ፓምፖች አሉ። ውሃውን በኃይል ይገፉታል፤ ቁልቁል ይወርድና ጉብታ ሲያገኝ ሽቅብ ይነሳል። የባሕር ማዕበል መጥቶ ይሄዳል፣ ይሄኛው ግን ቦታውን አይለቅም። ሰርፈሩ ዳር ካለው መድረክ ቦርዱን ይዞ ይዘላል። ውሃው ከሥሩ ይሮጣል፣ እሱ እዚያው ሆኖ ግራና ቀኝ ይታጠፋል። ሲወድቅ ውሃው ወደ ኋላ ጠርጎ ይወስደዋል፣ በመሰላል ይወጣል፣ ሌላው ይገባል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት ማርሲ «ነይ ሐያት፣ ሞክሪው» አለችኝ።

«በዚህ ሻርፕ?» አልኳት።

ምንም ሳትል ሄደች፣ ኮፍያ ያለው ዌትሱት፣ የውሃ ልብስ፣ ይዛ ተመለሰች። ከቁርጭምጭሚት እስከ ግንባር የሚሸፍን ነው። «ይሄ ይሆናል?» አለች። እናቴ በኋላ ስታየው «ይሄማ ከእኔም ልብስ ይሻላል» ብላ ስቃለች።

ያን ቀን ሃያ ጊዜ ገብቼ ሃያ ጊዜ ወደቅሁ። በሃያ አንደኛው ቆምኩ፤ ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ወላሂ፣ ብዙ አሸንፌአለሁ፣ እንደዚያች ሦስት ሰከንድ ግን ደስ ያለኝ ቀን የለም። ከውሃው ስወጣ እያለቀስኩ ነበር። ማርሲ የተጎዳሁ መስሏት ጉልበቴን ትነካካለች።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ነው። ወለሉን እጠርጋለሁ፣ እገባለሁ፣ ደግሞ ወለሉን እጠርጋለሁ። ማርሲ ብዙ አታወራም፤ የምትለኝ ይቺን ብቻ ነው። ዋክሱን፣ ሰሙን፣ ቦርዱ ላይ በክብ በክብ ቀቢው፣ ያኔ እግርሽን ይይዘዋል። ፊት እግር ለፍጥነት፣ ኋላ እግር ለመታጠፍ። እግርሽን አትዪ፣ የምትሄጂበትን እዪ። ስትወድቂ ራስሽን በክንድሽ ሸፍኚ። እኔም አሁን ለተማሪዎቼ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ሃይስኩል ስጨርስ አባቴ ነርሲንግ ስኩል አስመዘገበኝ። እኔ ደግሞ ሙሉ ጊዜዬን በሰርፍ መወዳደር እፈልጋለሁ አልኩት። «ልጄ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለ።

«አባዬ፣ ይሄኛው የትም አይወስድም፤ ከፓምፑ አይወጣ!» አልኩት።

አልሳቀም። ማርሲ እራሷ ሂልቶፕ ሰፈር፣ ቤታችን ድረስ መጣች። አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ። ወደ ባለሙያዎቹ ዙር ለመግባት በዓመት ሦስት ማጣሪያ እንዳለ፣ ከእኛ ምድብ የሚያልፉት ሦስት ሴቶች ብቻ እንደሆኑ፣ እኔ ግን እንደምችል ነገረችው። አባቴ ጢሙን አሻሸ። «እስከ መጪው ረመዳን» አለ። «ከገባሽ ገባሽ፣ አልሟገትሽም። ካልገባሽ ነርሲንግ። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃ አንሰማም።» አላህ ምስክር ብለን ተጨባበጥን። ማርሲም ምን እንደሆነ ሳይገባት እጇን ዘረጋች።

እዚህ ላይ የቤታችንን ነገር ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ ያለው አይገባችሁም። አባቴ በር ላይ ቀድሞ የገባበትን ቀን አላስታውስም። ኖርዝላንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ ከጓደኛው ከጋሽ ሙሄ ጋር ይገናኛሉ። «ይቅደሙ።» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።» «ወላሂ አልቀድምም!» «በአላህ ይዤዎታለሁ!» ከኋላ አሜሪካኖቹ ጋሪያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። እኔ በእፍረት ሻርፔን ፊቴ ላይ እስባለሁ። ግን ሳላውቀው ገብቶብኛል። ታላቅ ሰው አጠገቤ ሲቆም እግሬ ራሱ ወደ ኋላ ይላል፤ እኔን አያማክረኝም።

የማጣሪያው ሕግ ደግሞ እንዲህ ነው። አራት ሰው፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ቋሚ ተራ የለም። አንዷ ስትወድቅ ከዳር ቀድማ የዘለለች ውሃው የእሷ ነው። ዳኞቹ ከገባሽባቸው ሁሉ የተሻሉትን ሁለቱን ይይዙልሻል። ብዙ የገባች ብዙ ዕድል አላት ማለት ነው።

በመጀመሪያው ማጣሪያ አጠገቤ የቆመችው ሮዝ ናት። አርባ ሦስት ዓመቷ፣ ፀጉሯ ግማሹ ሸብቷል፣ ከእኔ እናት አንድ ዓመት ትበልጣለች። ውሃው ክፍት ሆነ። እግሬ ወደ ኋላ አለ፣ እጄም «ቅደሚ» ብሎ ተዘረጋ። ግራ ገባት፣ ግን ዘለለች። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ደቂቃው ሲያልቅ እሷ ሰባት ጊዜ ገብታለች፣ እኔ ሦስት ጊዜ። የመጨረሻ ሆኜ ወጣሁ።

ማርሲ ቦርዱን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ፈራሽ?»

«አልፈራሁም። ትልቅ ሰው እኮ ናት!»

«ታዲያስ?» አለች።

የባሰው ልብስ መቀየሪያው ጋ ነው። ሮዝ መጥታ ፊቴ ቆመች። «ለምን አሳለፍሽኝ?»

«ታላቄ ስለሆንሽ ነው።»

«አርጅተሻል ማለትሽ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! አገሬ ላይ ክብር ነው።»

«ስሚኝ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ሃያ ዓመት ስወዳደር ማንም አሳልፎኝ አያውቅም። ዛሬ አሸነፍሽ አሉኝ። ማንን ነው ያሸነፍኩት? ውሃው ላይ ማንም አልነበረም።» ትታኝ ሄደች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። «ደግ አደረግሽ፤ ያሳደግኩሽ ልጅ ነሽ» አለኝ። ቀጥሎ ትንሽ አሰበና «በዚህ ነው የወደቅሽው?» አለ። «በዚህ ነው» አልኩት። ሻዩን ሳይጠጣ ተነሳ።

ሁለተኛው ማጣሪያ ሌላ ስቴት ነበር። በደንብ ሠራሁ። ማርሲ ሁለት ወር ሙሉ ትልልቅ ሰዎችን መድረኩ ላይ አጠገቤ እያቆመች አለማምዳኛለች፤ አንዴማ የገዛ እናቷን አምጥታብኛለች። የሁለቱ ማጣሪያ ነጥብ ሲደመር ሦስተኛዋን ቦታ ይዛ ያለችው ሮዝ ሆነች፣ አራተኛ እኔ፣ ልዩነቱ የጥፍር ያህል። የመጨረሻው ማጣሪያ በእኛው አዳራሽ፣ ረመዳን ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ሆነ። ከሁለታችን በልጣ የወጣችው ትገባለች። ሮዝ ዓመቱ የመጨረሻዋ እንደሆነ ለሁሉም ተናግራለች።

ያን ቅዳሜ አባቴ መጣ። ሺፍቱን ለሰው ሰጥቶ፣ የጁምዓ ጃኬቱን ለብሶ መጣ። ማዕበሉን ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ ውሃው አንስቶ ሲወረውራት ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «አብሽር!» አልኩት ከሩቅ። እሱ ነው ሁሌ እንደዚያ የሚለኝ።

ግማሽ ደቂቃ ሲቀር ሮዝ ሁለት ጥሩ አላት። እኔ አንድ ጥሩ፣ አንድ የማይረባ። ውሃው ላይ ያለችው ልጅ ወደቀች። ክፍት ሆነ። ሮዝና እኔ ጎን ለጎን ነን። ትንፋሿ ሲቆራረጥ እሰማለሁ። እና እግሬ፣ ያ የተረገመ እግሬ፣ ወደ ኋላ አለ።

«ሐያት! ቅደሚ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ቃሉ የገባው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ የአንገቱ የደም ሥር ተገታትሯል። «ቅደሚ ልጄ! ቅደሚ!»

ዘለልኩ። የሠራሁትን በቅጡ አላስታውሰውም፤ ቪዲዮው ላይ ነው ያየሁት። ስድስት ጊዜ ታጥፌአለሁ፣ አንዴም እግሬን አላየሁም። ፊሽካው ሲነፋ ገና ቆሜ ነበር። ሮዝ ሌላ ዕድል አላገኘችም። ሦስተኛ ሆኜ አለፍኩ።

ሮዝ ከመድረኩ ስትወርድ እያለቀሰች ነበር። አጥብቃ አቀፈችኝ። አባቴ መጥቶ አጠገባችን ቆመና «ንገሪያት» አለኝ። «ልጄ ባለጌ ሆና አይደለም፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት በያት።» ነገርኳት። ሮዝ በእንባዋ መሃል ሳቀች። «ብትቆምልኝ ኖሮ በሕይወቴ ይቅር አልላትም ነበር በይው» አለች። እሱንም ተረጎምኩለት። አባቴ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ዝቅ አለላት።

ወደ ሂልቶፕ ተመለስን። ብሮድ ስትሪት መብራት ላይ ቆመን «እንግዲህ ነርሲንጉ ቀረ ማለት ነው» አለ።

«ቀረ፣ አባዬ።»

«እ» አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ጥሩምባ ነፉብን፣ እሱ ግን አልነዳም። ዓይኑን በጃኬቱ እጅጌ እየጠረገ ነበር። ነርስ ሆኜ ነጭ ለብሼ ሊያየኝ ስንት ዓመት ተመኝቷል። እኔ ሮዝን ባሳልፋት ኖሮ የሚመኘውን ያገኝ ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ጮኸልኝ። ከእሱ የበለጠ የወደደኝ ሰው የለም።

ዘጠኝ ዓመት ተወዳደርኩ። ከፍ ያልኩት አራተኛ ደረጃ ድረስ ነው፣ አንደኛ ሆኜ አላውቅም። ሁለቴ ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ተደረግኩ፣ በሦስተኛው ጉዳት ሐኪሙ በቃሽ አለኝ። ማርሲ ጡረታ ስትወጣ ቦታዋን ለእኔ ተወችልኝ። አሁን ከአዳዲስ ልጆች ጋር ነኝ። አንዳንዶቹ የእኛው አገር ሰዎች ልጆች ናቸው፣ በአማርኛ ስጠራቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። አጠገባቸው ትልቅ ሰው ሲቆም ግን እግራቸው ወደ ኋላ ሲል አያለሁ፤ ማንም አላስተማራቸውም።

የምነግራቸው ይህንን ነው። ውሃው ክፍት ከሆነ ግቡ። አጠገባችሁ ያለችው ታላቃችሁ ብትሆንም፣ ቢደክማትም፣ ብትወዷትም ግቡ። ለመወዳደር ነው የመጣችው። ስትወጣ ፎጣዋን አቀብሏት።