ወንድሜ ያልለየው ድምፅ

ነገሩ የሆነው የባቡሩ ሥራ በሜክሲኮና በልደታ በኩል ያለውን መንገድ ቆፋፍሮት በነበረበት ጊዜ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ሥራም ቀይሬያለሁ። ያን አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም። ለሰው ብናገረው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ የስፖርት መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ዛሬም ሲያገኙኝ የሚያነሱት ድምፁን ነው፤ ፊሽካ አያስፈልገውም ነበር ይላሉ። እኛ ልጆች ሳለን አብነት ከነበረው ቤታችን በር ላይ ቆሞ ወንድሜን በስሙ ሲጣራ፣ ሦስት መንደር ማዶ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሁሉ ጨዋታ ያቆማሉ።

ወንድሜ ገመቹ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። የመንገድ ቀያሽ ነው። እናታችን በድንገት ያረፈች ጊዜ ከጂንካ ወዲያ፣ ስልክ የማይደርስበት ካምፕ ውስጥ ነበር። መልእክቱ በሰው በሰው ሄዶ ነው ያገኘው። ቀን ከሌሊት ተጉዞ ሲመጣ እናታችን ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር።

አቧራ እንደለበሰ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። አባቴ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ፣ በዚያ ድምፁ፣ "እናቱን ያልቀበረ ልጅ የለኝም። ከመጣህበት ተመለስ" አለው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። ገመቹ ሻንጣውን ከትከሻው ሳያወርድ ዞሮ ወጣ።

አባቴ ያን የተናገረው ሐዘን አሳብዶት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ያውቃል። ነገር ግን ኩሩ ሰው ነው፤ ገመቹም የእሱ ልጅ ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። አምስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ገመቹ ለእኔ ይደውላል፤ ስለ አባታችን ግን "ደህና ነው?" ብሎ ጠይቆ "ደህና ነው" ስለው ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል።

በዚህ መሐል አባቴ ጉሮሮውን ታመመ። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሕይወቱ ተረፈ። ድምፁ ግን አልተመለሰም። ሲናገር የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ ከንፈሩን ላላየ ሰው አይገባም። በስልክማ ጭራሽ አይሰማም። ለገመቹ አባዬ ታሞ እንደታከመ ነግሬዋለሁ። ድምፁ መጥፋቱን ግን አልነገርኩትም። አባቴ ይህን እንዳልናገር ለምኖኝ ነበር።

ያኔ አብረን የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴን ሐኪም ቤት ለማመላለስ ብዬ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ገዛሁ። ቴፑ የማይሠራ ነበር። ሜክሲኮ ካለው መሥሪያ ቤታችን አንዲት ባልደረባዬ፣ አብነት ውስጥ ሸምሱ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን እንዳለ ነገረችኝ። ስክሪን ያለው ቴፕ ይገጥማል፤ ስልክሽን ከቴፑ ጋር ያገናኝልሽና እየነዳሽ፣ እጅሽን ከመሪው ሳታነሺ ትነጋገሪያለሽ አለችኝ።

ማታ ራት ላይ ይህን ለአባቴ አጫወትኩት። መብላቱን አቆመ።

"ማይክ አለው?" አለኝ።

"አለው። ለብቻው የሚገጠም ትንሽዬ ነገር ናት።"

"የኔን ድምፅ ይይዛል?"

አላውቅም አልኩት። በማግሥቱ እኔ ሳልነሳ ተነስቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከረባቱን አስሮ ጠበቀኝ።

ለገመቹ ሊደውል እንደሆነ የነገረኝ መኪናው ውስጥ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። "ለምን እኔ አልነግርልህም? አሁኑኑ እደውልለታለሁ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "ያባረርኩት በአፌ ነው። በሰው አፍ አልጠራውም።"

የሸምሱ ሱቅ ከአንድ ጎማ ቤት ጎን ያለች፣ መኪና ገብቶ የማይቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ሥራውን የሚሠራው ደጅ ነው። ሸምሱ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሌላው ሰው አባቴ ሲናገር ወደ እኔ ዞሮ "ምን አሉ?" ይላል። ሸምሱ እንደዚያ አላደረገም። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አባቴ አፍ አስጠጋና እስኪጨርስ አዳመጠው።

"ማይኩን የምንገጥመው ከመሪው በላይ ነው" አለው። "የእርስዎን ድምፅ ግን እዚያ ሆኖ አይዝም። ሽቦውን አስረዝመዋለሁ። እርስዎ ጋቢና ይቀመጣሉ፣ እኔ ማይኩን አገጭዎ ሥር አመጣዋለሁ። እንሞክረዋለን አባባ።"

ዳሽቦርዱን መፍታት እንደጀመረ ከመሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። አባቴ "ሂጂ፣ እኔ እጠብቃለሁ" ሲለኝ ትቼው ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ።

ስመለስ አባቴ ጋቢና ተቀምጦ፣ መስታወቱ ሁሉ ተዘግቶ አገኘሁት። ማይኩ በጥቁር ናስትሮ ከደኅንነት ቀበቶው ጋር፣ ደረቱ ላይ ታስሯል። ሸምሱ ከመኪናው ርቆ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሟል፤ አንዱን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ በሌላው ላይ ስልኩን ለጥፏል። ሲያየኝ እየሮጠ መጣ።

"እህቴ፣ ሰማኋቸው" አለኝ። "ቃል በቃል ሰማኋቸው።"

አባቴን በመስታወቱ አየሁት። እየሳቀ ነበር።

እኔ በኔ ስልክ እንዲደውል ነበር የፈለግኩት፤ ገመቹ የአባቴን ቁጥር አያውቀውማ። አባቴ ግን የሞከሩበትን የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ለሸምሱ ሰጠው። "ያንቺን ቁጥር ካየ ላንቺ ብሎ ያነሳል። የኔ ቁጥር እሱ ጋ ይቅር" አለኝ። ሸምሱ ስልኩን እንደገና ከቴፑ ጋር አገናኘልንና በሩን ዘግቶ ራቅ ብሎ ቆመ። እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ።

ጠራ። ቆይቶ ተነሳ።

"ሀሎ" አለ ገመቹ። ድምፁ በአራቱም ስፒከር መኪናውን ሞላው። አባቴ አምስት ዓመት ሙሉ ያልሰማው ድምፅ ነው። ዓይኑን ጨፈነ።

"ሀሎ፣ ማን ልበል?"

"ገመቹ" አለ አባቴ። "አባትህ ነኝ።"

ከወዲያ የማሽን ጩኸት ይሰማል። ነፋስም አለ። "ሀሎ? አይሰማም። ማነው?"

አባቴ ማይኩን ከነቀበቶው በሁለት እጁ ይዞ ከንፈሩ ላይ ለጠፈው። አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገተሩ። "አባትህ ነኝ" አለ እንደገና። እኔ አጠገቡ ያለሁት እንኳን የሰማሁት ትንፋሹን ነው።

በዚህ ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ፣ አባዬ ነው፣ አትዝጋው ልል ነበር። አባቴ ሳያየኝ እጁን አነሳ። ዝም በይ ማለቱ ነው። ዝም አልኩ።

ገመቹ ጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። የለየው መሰለኝ።

"ስማ" አለ ከዚያ፣ "በሰው ስልክ ትንፋሽህን እያሰማህ የምትጫወት ከሆነ ባለጌ ነህ። ሰው ሥራ ላይ ነው ያለው። ሁለተኛ እዚህ እንዳትደውል።"

ዘጋው።

አባቴ ማይኩን ወዲያው አልለቀቀውም። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያየ ቆየ። ከዚያ ቀበቶውን ቀስ ብሎ ፈታ። ሸምሱ በሩን ከፍቶ "እንዴት ሆነ አባባ?" ሲለው፣ አባቴ ካቻቢቴ የያዘ እጁን ያዘና ወደ እኔ ዞረ። "ሥራህ በጣም ጥሩ ነው በይው" አለኝ። ነገርኩት። ሸምሱ ደስ ብሎት ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ግን ፈገግታው ጠፋ። መኪናውን ሳስነሳ በኔ መስኮት መጥቶ "ልጃቸው አላነሳም?" አለኝ በሹክሹክታ። "አነሳ፤ አልለየውም" አልኩት።

ብዙም ሳንርቅ ዳር ይዤ ቆምኩና ስልኬን አወጣሁ። አባቴ እጄን ያዘኝ።

"አትንገሪው" አለኝ።

"አባዬ፣ ሳያውቅ እኮ ነው።"

"ሳያውቅ መሆኑንማ አውቃለሁ። ካወቀ ግን አባቴን ባለጌ አልኩት እያለ ዕድሜውን ይኖራል። እኔ ሲሻለኝ እደውልለታለሁ። ማሪያምን አልነግረውም በይ።"

ማልኩለት።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስገባ ቁልፉን ይቀበለኝና ወደ ታች ይወርዳል። ከበረንዳችን ሆኜ አየዋለሁ፤ ጋቢና ተቀምጦ፣ ማይኩን ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ጎረቤት ጸሎት የሚያደርስ ይመስለው ነበር።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ሳንባ ምች ያዘው። ሐኪም ቤት እንደተኛ ለገመቹ ደውዬ "አባዬ ታሟል፤ ና" አልኩት። አልተከራከረኝም። "መጣሁ" አለ። አባቴ በማግሥቱ ጠዋት "መጣ?" ብሎ ጠየቀኝ። "መንገድ ላይ ነው" አልኩት። እሺ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ረፋዱ ላይ አረፈ።

ገመቹ የደረሰው አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ነው። ሻንጣውን መሬት ላይ ጥሎ ከሳጥኑ ሥር ገባና ተሸከመ። ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ማንንም ሳያይ "ዛሬ ደርሻለሁ" ሲል ሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን ሸምሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። የአባቴን ሞት አብነት ላይ ሰምቶ ነው። ቦታ ስላልነበረ ገመቹ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ነበርኩና ሁለቱን ሳያቸው ደነገጥኩ። ተነስቼ እስክደርስ ሸምሱ ጀምሮታል። አጠገቡ የተቀመጠው ያ ልጅ ራሱ መሆኑን አላወቀም፤ ከዘመዶቹ አንዱ መስሎታል።

"እኔ ጋ መጥተው ነበር" ይለዋል። "ለልጃቸው ሊደውሉ። ልጅቷ ሥራ ስትሄድ አብረን ስንለማመድ ዋልን። እኔ እዚያ ማዶ እቆማለሁ፣ እሳቸው መኪናው ውስጥ ሆነው ይነግሩኛል። መጀመሪያ ረጅም ነበር፤ ትንፋሽ አልበቃ አላቸው። ደጋግመን አሳጠርነው።"

ገመቹ ዞሮ አየው። "ምን አሉ?"

"ገመቹ፣ አባትህ ነኝ። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወደ ቤትህ ና።" ሸምሱ ትንሽ ቆየና፣ "ግን ልጁ አልለያቸውም አለችኝ ልጅቷ" አለ።

ገመቹ ስልኩን አወጣ። ወደ ኋላ እየተመለሰ የሰኔ መግቢያ ጥሪዎችን ፈለገ። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ስልኩን ለእኔ አሳየኝ። አቀረቀርኩ። ያኔ ነው ሸምሱ የገባው። ሊነሳ ሲል ገመቹ ጉልበቱን ያዘው።

"እስቲ ድገምልኝ" አለው።

ሸምሱ ደገመለት። ገመቹ ሌላ ጊዜም አስደገመው። ከዚያ ግንባሩን ሸምሱ ትከሻ ላይ ጥሎ አለቀሰ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር፤ ሁሉም ለአባቱ የሚያለቅስ መሰለው።

ወንድሜ ዓመት ያህል አኮረፈኝ። "ለምን ዝም አልሽ?" ነው የሚለኝ። መሐላውን ነገርኩት፤ ገባው። አሁን አዲስ አበባ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ልጆቼን ሊያይ ይመጣል። የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት፣ ምግብ ላይም ቢሆን ተነስቶ ይወጣል። ወዲያኛው ሰው ባይናገርም አይዘጋበትም። "አለሁ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ" ይላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ይስቅበት ነበር፤ ነገሩን ነግሬው አሁን አይስቅም።

እኔ ደግሞ ዛሬም ያቺን ዝም ያልኩባትን ጊዜ አስባለሁ። ሁለት ቃል በቂ ነበር። አባቴን በሕይወቴ ብዙ ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ፤ በትምህርት ምርጫዬ፣ በጓደኞቼ፣ ማታ ቤት በምገባበት ሰዓት ተጨቃጭቀናል። ከዚያ ሁሉ አንዱም አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ የታዘዝኩት ቀን ነው።